ከሸኖ ወዲያ ያለው ነፋስ

ብቻዬን ረጅም የብስክሌት ልምምድ ስወጣ የምመርጠው የደብረ ብርሃንን መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። እስከ ሰንዳፋ ያለው የመኪና ጭስና ጡሩምባ ነው፣ ቶሎ ይታለፋል። ሸኖን ካለፍኩ በኋላ ግን ከሩቅ ሜዳ የሚመስለው አገር ዳገትና ቁልቁለት ሆኖ ይገኛል፤ በበጋ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገጥማል። ዳገት ጫፍ አለው። ነፋስ ግን ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል ያስመታል። በቡድን ቢሆን ከፊተኛው ጀርባ ተጠግቶ ማረፍ ይቻል ነበር፤ ብቻውን የወጣ ሁሉንም በደረቱ ይቀበላል። ማርሹን አቀልላለሁ፣ ክርኔን አጥፌ ጎንበስ እላለሁ። ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ሲጠጋ አየሩ ስለሚሳሳ፣ የምከተለው ፍጥነቴን ሳይሆን ትንፋሼን ነው።

ጫጫ ላይ ቆሜ በሶዬን እጠጣለሁ። ግራ ቀኙ የበሶው እህል፣ የገብስ ማሳ ነው፤ ለዚህ መንገድ ከበሶ የተሻለ ስንቅ አላውቅም።

ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የአገራችን ደጋ ገና ብዙ ብስክሌተኛ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። መሞከር የምትፈልጉ ማለዳ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል።