ትንሹ ማነው?

ትናንት ሲ ፕላስ ፕላስ ሳስተምር አንዷ ተማሪዬ «መምህር፣ ከዝርዝር ውስጥ ትንሹን ለማግኘት የራሳችን ማወዳደሪያ ለምን ያስፈልገናል? ኮምፒውተሩ ትንሽና ትልቅ አያውቅም እንዴ?» አለችኝ። ቁጥር ከሆነ ያውቃል። የተማሪ መዝገብ ከሆነ ግን በዕድሜ ይሁን በውጤት፣ በምን እንደሚያወዳድር እኛ ልንነግረው ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን «ለጊዜው ትንሹ ይኸ ነው» ብሎ ይይዛል። ከዚያ ቀሪውን አንድ በአንድ ከያዘው ጋር ያስተያያል፤ የሚያንስ ካገኘ ይቀይራል። ለ60 ተማሪ 59 ጊዜ ማወዳደር ይበቃል። እኩል ከሆኑ ግን አይቀይርም፤ ቀድሞ የተያዘው ይቀራል።

ይቺን የመጨረሻዋን ስናገር አንበሳሜ ትዝ አለችኝ።

እዚያ ሳስተምር የክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ዓመት ለአንድ ተማሪ የሚሆን ዩኒፎርምና ደብተር ተሰጠኝና «በጣም የተቸገረውን ምረጥ» ተባልኩ። መዝገቡን ይዤ ከ«ሀ» ጀመርኩ። ማወዳደሪያዬ አንዲት ጥያቄ ነበረች፦ ወላጅ አለው ወይስ የለውም? ሁለት ልጆች እኩል ወጡ፤ ሁለቱም እናት አባት የላቸውም። እኔም ስሙ ቀድሞ ለተጻፈው ሰጠሁ።

የቀረው ልጅ ስሙ በ«ወ» ይጀምር ነበር። ከገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው። እሑድ አያቱ የምትሰንቅለት ስንቅ ሐሙስ ላይ ያልቅበታል። ያኛው ደግሞ አክስቱ ቤት ነበር፤ ማታ ማታ ትኩስ እራት አያጣም። ይኼን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ኅዳር ላይ የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ልጁ ወደ ወረታ ወርዶ ፎገራ ሜዳ ላይ የቀን ሥራ ገባ። ዓመቱ አለቀ፣ እሱ አልተመለሰም።

ዩኒፎርሙ ያስቀረው ነበር ወይ? እንጃ። ግን «ስንቅህ ስንት ቀን ያደርስሃል?» ብዬ አንዲት ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ሁለቱ እኩል አይሆኑም ነበር። አላዳላሁም፣ ቆጠራዬም አልተሳሳተም። የጎደለው ማወዳደሪያዬ ነው።

ለተማሪዬ ይኼን ሁሉ አልነገርኳትም። «ሁለቱ እኩል ሲሆኑብሽ ቆም በይ፤ ያልጠየቅሽው ነገር ይኖራል» ብቻ አልኳት።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተም «የተቸገረውን ምረጡ» ስትባሉ መዝገቡን ከመግለጣችሁ በፊት በምን እንደምታወዳድሩ አስቡ። በልጅ ዕድል ላይ ፊደል አይፍረድ።