ውሃ የሸሻት ደሴት

የመካነ ሰላም ሰው ባሕር አያውቅም፤ የባሕር ወሬ ግን አያልፈውም። ነዳጅ በተወደደ ሰሞን ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ብትሰሙ፣ ጨዋታው ከማዳበሪያ ይነሳና በደሴ መኪና ታሪፍ በኩል ዞሮ፣ አቦሉ ሳያልቅ ሆርሙዝ ሰርጥ ላይ ያርፋል። ራዲዮኑ ደጋግሞ ስለሚጠራው ስሙ የጎረቤት ቀበሌ ያህል ተለምዷል። እዚያው ሰርጥ ላይ ያንኑ ስም የያዘች፣ ፋርስኛ የሚነገርባት ትንሽ ደሴት መኖሯን ግን የሚያነሳ የለም፤ ዜና የሚሆነው የሚያልፈው መርከብ እንጂ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው አይደለም።

እኔን ደግሞ የሚያጫውተኝ ዳር ቆሞ የሚያየው ነው። ደሴቲቱ 42 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አፈሯ ቀይ ነው፤ ቀይ ስላችሁ የእኛን ማሳ ቀይ እንዳታስቡ፣ የባሕሩን ዳርቻ ሳይቀር የሚያቀላ ነው። ያንን አፈር ሰዎቿ ከአሳ ጋር አሰናድተው ለዳቦ ማባያ ያደርጉታል። ይህን ቡና ላይ ሳወራ፣ የምታፈላልን እናት ከረከቦቱ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እኛ ጤፉን ከአፈር ስንለይ እንውላለን፣ እነሱ ጭራሽ ይጨምሩበታል?» አለችና ሲኒዋን ማለቅለቅ ቀጠለች። የሚጠጣ ውሃ የሌላት ያህል ናት ብላትማ ጨርሶ አታምነኝም ነበር። ሆኖም ይቺን አፈሯ የሚበላ፣ ውሃዋ የማይጠጣ ደሴት ፖርቱጋሎች በ1507 መጥተው ምሽግ ጀመሩባት፤ በ1515 ተመልሰው አጸኑት፤ እስከ 1622 ድረስም ወይ ፍንክች። (ዘመኑን እዚህም ከዚህ በታችም፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ጋር ላለመጣላት።)

ወደ አገሬ የሚመልሰኝም መንገድ በእነዚሁ ፖርቱጋሎች በኩል ነው። በ1520 ምጽዋ ከደረሱት መልእክተኞቻቸው መካከል ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ሲዞር ዓይኑ የንጉሡ ድንኳን ላይ ብቻ አልቀረም፤ ማን ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚሻገር ሁሉ ልብ ይል ነበር። መጽሐፉ በ1540 ሲታተም ስሙ ራሱ ሐይቅ ስለሆነ አንድ የወሎ ሐይቅም ይተርክ ነበር። ሐይቁ ውስጥ ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ መነኮሳት የበዙበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ገዳሙ ሎሚና ብርቱካን፣ ትርንጎም ሞልቶታል ይላል። መሻገሪያው ደንገል ታስሮ ከአራት ትልልቅ ቅሎች ጋር የተጠፈረ ነገር ነው። ጉማሬንም ያነሳል፤ ስሙን ሳይቀር በእኛው አጠራር ጽፎታል። አስቀያሚ ራስ ያለው፣ ሲበሉት ግን የሚጣፍጥ አሳም አለ ይላል፤ አምባዛ ሳይሆን አይቀርም። ቅል ሰጥሞ ድንጋይ የሚዋኝበት ዘመን ይመጣል እያሉ አባቶች ሲያስፈራሩን አድገናል፤ በዚያ ዘመን ግን ቅሉ ሥራውን በወጉ ይሠራ ነበር፤ መነኩሴ ተሸክሞ ይዋኛል፣ ምናልባትም ትርንጎ ይዞ ይመለሳል።

ከእኛ አገር ከቦረና ተነስቶ ሐይቅ ለመድረስ በአቀስታ አድርጎ፣ የጉጉፍቱን ብርድ በጋቢ ተከናንቦ አልፎ፣ ደሴ ወርዶ፣ ከዚያ በወልድያ መንገድ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴት ለማየት ደሴትን ለቅቆ መሄድ ብላችሁ ታሙኝ ይሆናል፤ ሐሜቱ ልክ ነው። ቦረናና ሳይንት በአንድ ወገን ዓባይ፣ በሌላው በሽሎ የከበባቸው ደጋዎች ናቸው። ማዶ ጎጃም ጭስ ሲጨስ ይታያል፤ ለመድረስ ግን ወርዶ፣ ወርዶ፣ ደግሞ መውጣት ነው። በቦረና ሳይንት ፓርክ ያለው ቀይ ቀበሮም ከእኛ የተሻለ ዕድል የለውም፤ ብርድ የለመደ ነውና ቆላውን አቋርጦ ሌላ ደጋ ልጎብኝ አይልም። ድልድይና አስፋልት ለሰው የሠሩትን ለቀበሮ አልሠሩም።

መኪናው ሐይቁ የሚታይበት ጥምዝ ላይ ሲደርስ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ወሬ ይቋረጣል። ነጠላ የለበሰችው ወደ እስጢፋኖስ ዞራ ታማትባለች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሼህ ደግሞ መስኮቱን እንዳይከልሏት ወደ ኋላ ዘንበል ይሉላታል። ማንም ማንንም አላመሰገነም። ትንሽ ቆይቶ ያው የታሪፍ ክርክር ከተቋረጠበት ይቀጥላል።

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ሆርሙዝ ደሴት ላይ ቢገለብጡት ከግማሿ ትንሽ አልፎ ይሸፍናል እንጂ ሙሉዋን አያዳርስም፤ ግን ጨው የለበትም። ከአርዲቦ የሚመጣው አንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ የማይወጣበት ነገር በመሆኑ ይመስለኛል ገዳም የተስማማው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገዳሙን ሲመሠርቱ የመጣው ተማሪ ብዙ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ በ1270 የነገሠው ይኩኖ አምላክም የኢየሱስ ሞአ ደቀ መዝሙር ነበር ይባላል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ1280 ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ሥዕላቸውን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከዚያ በኋላ የሐይቁ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ይሾም ጀመር። ዙሪያውን ውሃ የከበበው ሰው ለንጉሥ ሰዓት ቢጠብቅ አይገርምም፤ የሚያቻኩለው የለምና።

ይህ ሁሉ ግን የኋላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ፣ አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ሐይቅም አልነበረም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ አንዲት ልዕልት በደለቻት፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ ምድሩን ከነልዕልቲቱ ከነአጃቢዋ ውሃ አደረገው። ያቺ ነፍሰ ጡር የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይነካ ቀረ። ደሴቱ ያ ነው። ዛሬ ያንኑ መሬት ሴት አትረግጠውም።

ሌላም ነገር ተለውጧል፤ ውሃው ሸሽቷል። አልቫሬዝ በቅል ተሻግረው የሚደርሱበት ያለው ቦታ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። ሰው ግን አሁንም «ደሴቱ» ይላል፤ አሁንም ጫማውን አውልቆ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል፤ ወንዱ ያልፋል፣ ሴቷ ከበሩ ውጪ ትቀራለች። ውሃ ከሄደበት ልማድ ይተኛበታል፤ ልማድ ደግሞ ቅል አስሮ የሚሻገሩት አይደለም።

ከሳይንት የመጡ አንዲት እናት በሩ ላይ ከባላቸው ሲለያዩ ሰማኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «ውሃው ለእኛ ብሎ መጣ፣ ለእናንተ ብሎ ሄደ» አሏቸው። ባልየው ሳቁ፤ መልስ ግን አልሰጡም። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እናትየዋ ግን መቀመጡ ብዙም አልተስማማቸው፤ ጥላቸውን ይዘው ወደ ከተማው ተመለሱ።

ሐይቅ ከተማ ላይ ቆሮሶ ይሸጣል። ይህ አሳ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1970 አካባቢ ነው ከውጭ አምጥተው የጨመሩት፤ እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤት ሆነ። ስንመለስ እኚያን እናት አሳ ሻጩ ዘንድ አገኘናቸው፤ አንዱን በጅራቱ አንስተው፣ ጉንጩን ገልጠው አይተው፣ ሌላ አንስተው፣ ያንንም መልሰው፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ጨምረው አራት አስጠቀለሉ። ልጁ በብዛቱ ተገርሞ «ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው እማማ?» ቢላቸው፣

«ባሌ ነዋ» አሉት፤ «ከደሴት እየመጣ ነው፣ ርቦታል። አንድ ምረቅልኝ።»