ከእንጦጦ ቁልቁለት ማግስት ምን እንግዛ?

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ባለፈ ማግስት፣ ወይም እሑድ እንጦጦ ደርሰው በተመለሱ ሰኞ፣ አንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣብኛል፦ «ያንን የሚንቀጠቀጠውን ማሳጅ ጋን ልግዛው ወይ?» ቲክቶክ የከፈተ ሁሉ አንድ ሰው ጭኑ ላይ ደግኖት ያያል፤ ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ደግሞ «ስትመጡ ይዛችሁልኝ ኑ» ብሎ አዝዟል። መልሴን ላስቀድም፤ አብዛኞቻችሁ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ይወቅ።

የማወራው ያልለመዱትን ሥራ በሠሩ ማግስት ጀምሮ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ስለሚብሰው፣ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ስለሚያስይዘው ሕመም ነው። ጂም ብትጠይቁ «ላክቲክ አሲድ ነው» ይሏችኋል። አይደለም። ላክቴት ሩጫው ካበቃ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል፤ እሑድ የጠራ ነገር ማክሰኞ ሊያነክሳችሁ አይችልም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ሃፍ ገና እ.ኤ.አ. በ1902 ሕመሙን ጡንቻው ውስጥ ከሚፈጠር ጥቃቅን መሰንጠቅ ጋር አያይዞት ነበር፤ የዛሬው ግንዛቤም ከዚያ ብዙ አልራቀም፤ ጥቃቅን ጉዳት፣ ከዚያም የሰውነት መቆጣት። ጡንቻ ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ ነው። እንጦጦን መውጣት ትንፋሽ ያሳጣል፤ ጭንን የሚቀጣው ግን መውረዱ ነው። በየእርምጃው የፊት ጭን ጡንቻ እየተሳበ የሰውነትን ክብደት እንደ ፍሬን ይይዛል።

ይህን ያልኩት «አሲዱን ያስወጣል»፣ «ጡንቻውን ይጠግናል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ኪሳችሁን እንድትይዙ ነው። ከላይ በመጫን የተሰነጠቀ አይገጥምም። መታሸት የሚያደርገው ነርቮች ሕመሙን የሚሰሙበትን መንገድ ማለዘብና መገጣጠሚያው ለጥቂት ደቂቃ እንዲፍታታ ማድረግ ነው። ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ለጡንቻ ሕመምና ለድካም ከሞከራቸው መንገዶች ሁሉ ማሳጅን በአንደኛነት አስቀምጧል። በዓመቱ ፎም ሮለርን (ጡንቻ የሚንከባለልበትን የፎም ጥቅል) ብቻ የመዘነ ሌላ ሥራ ግን ጥቅሙን አነስተኛ ብሎታል፤ ያውም ከስፖርት በኋላ ከሚሰጠው ይልቅ ከስፖርት በፊት፣ ለማፍታታት ሲሆን ይሻላል ብሎ። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምናወጣው ካለቀልን በኋላ ነው!

ወደ ምርጫው ልምጣ። ሕመሙ ትንሽ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ማለትም የእግር ውስጥ፣ መቀመጫ፣ ወይም ከትከሻ አጥንት አጠገብ፣ የቴኒስ ኳስ ይበቃል። ኳሱን በእናንተና በግድግዳው መካከል አድርጋችሁ ትደገፋላችሁ፤ ጫናውን በእግራችሁ ስለምትቆጣጠሩት ከመሬት ይልቅ ግድግዳ ለጀማሪ ይመቻል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ተረከዙን ለሚወጋው ሰው በውኃ ተሞልቶ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ከእግር ሥር ማንከባለል ያስታግሳል፤ ወጪው ፍሪጅ ብቻ ነው።

ለጭንና ለባት ፎም ሮለር ደህና ነው። ሲገዙ እሾህ እሾህ ያለውን አትዩት፤ ልሙጡን፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን ውሰዱ። በጣም ጠንካራው የሚጠቅመው ይበልጥ የሚያም ነገር ይበልጥ ያድናል ብሎ ለሚያምን ብቻ ነው፤ ያ እምነት ደግሞ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ትንፋሻችሁን ከያዛችሁ ጫናው በዝቷል ማለት ነው፤ ለአንድ ጡንቻ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። የጭንን ጎን ከዳሌ እስከ ጉልበት እያቃሰቱ የሚያንከባልሉ ሯጮችን አያለሁ። እዚያ ያለው ጡንቻ ሳይሆን ወፍራም አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ በሮለር ጫና አይለጠጥም። ልፋታችሁን ወደ መቀመጫና ወደ ፊት ጭን አዙሩት።

መሬት ላይ ተኝቶ መነሣት ለሚከብደው፣ ለእናቶችና ለአባቶች፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ሹፌርም፣ በሁለት እጅ የሚያዘው ተሽከርካሪ ዱላ ይሻላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ባትንና ጭንን ማሸት ይቻላል። ማስታወቂያ ስለሌለው ማንም አያወራለትም እንጂ፣ ለእኔ ከሁሉም ለገንዘቡ የሚበልጠው እሱ ነው።

ማሳጅ ጋኑስ? ታዋቂው ቴራጋን የተጀመረው ጄሰን ዌርስላንድ የተባለ አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር እ.ኤ.አ. በ2007 ሞተር ሳይክል ጥሎት ሕመሙን ለማስታገስ የኤሌክትሪክ መጋዝን በመቀየሩ ነው። ከአናጺ መሣሪያ መምጣቱን አትርሱ፤ ጉልበት አለው። ካርቶኑ ላይ «30 ፍጥነት» የሚለው አያታላችሁ። ዋናው ነገር የመሣሪያው ጫፍ ምን ያህል ወደፊት እንደሚመታና ጫን ሲሉት እንደማይቆም ነው። የቴራጋኑ ትላልቅ ሞዴሎች 16 ሚሊ ሜትር ይመታሉ፤ ብዙዎቹ ርካሾች ከዚያ በጣም አንሰው ቆዳ ብቻ ያንቀጠቅጣሉ። ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ ጭናችሁ ላይ ጫን አድርጉት፤ ካቃሰተና ከቆመ መልሱት። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ 220 ቮልት እንደሚችል አስነብቡ፤ የሊቲየም ባትሪ ስላለው አምጪው በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ቤት ሲደርስ ትልቁን ለስላሳ ኳስ ግጠሙና ሹሉን ጫፍ ካርቶኑ ውስጥ ተዉት። አንገት ላይ፣ አከርካሪ ላይ፣ አጥንት ላይ አታሳርፉት። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ፤ ብስክሌት ነድታ የደከመች ወጣት አሠልጣኟ በማሳጅ ጋን ካሻት በኋላ የጡንቻ ሕዋሷ ፈርሶ ታማለች። እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ ነው፤ ግን ጭኑ አብጦ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

የኳስ ቡድኖቻችን ወጌሻ አላቸው፤ የእኛ ሰው በእጅ መታሸትን ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። እጁ ልስልስ የሆነ፣ «እዚህ ጋ ያምሃል?» ብሎ እየጠየቀ የሚያሽ ሰው ካላችሁ ከየትኛውም ማሽን ይበልጣል። ስብራት ከተጠረጠረ ግን ራጅ ይቅደም። ሌላው ደግሞ ነጻ ነው፦ ያንኑ ቁልቁለት ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትደግሙት ሕመሙ በጣም ቀንሶ ታገኙታላችሁ፤ ሰውነት ከመጀመሪያው ተምሯል። እንቅልፍም ጥገናውን የሚሠራው ራሱ ነው፤ በሌሊት ስልክ ላይ ማሽን ከማማረጥ መተኛት ይቀላል።

ስኳር ኖሮባችሁ እግራችሁ የደነዘዘ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሐኪም ሳታማክሩ ምንም አትጫኑ። በተለይ ከዋሽንግተንም ሆነ ከሌላ ሩቅ አገር ረጅም በረራ በርራችሁ ከመጣችሁ በኋላ አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ አትሹት፣ አታሳሹት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።