ስንጸልይ ማንን እንጠራለን?

ለጸሎት ስትንበረከኩ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምንድን ነው? «አባት ሆይ» ነው? «ጌታ ኢየሱስ» ነው? ወይስ አፋችሁ እንደ ለመደው «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያላችሁ ማንን እንደምትጠሩ ሳታስቡት ትቀጥላላችሁ?

በየጸሎት ስብሰባው «አባት ሆይ፣ በመስቀል ላይ ስለ ሞትክልን እናመሰግንሃለን» ሲባል እንሰማለን። በመስቀል ላይ የሞተው ግን ወልድ ነው። እግዚአብሔር ልብን ያያልና በእንዲህ ያለ ጸሎት ግራ አይጋባም። ልጆቻችን ግን ማታ ማታ ስንጸልይ አጠገባችን ተቀምጠው ይሰማሉ፤ አምላክን የሚያውቁትም ከአፋችን በሰሙት ልክ ነው።

ደቀ መዛሙርቱ ጸሎት አስተምረን ባሉት ጊዜ ጌታ ያስጀመራቸው «አባት» በማለት ነው (ሉቃ. 11፥1-2)። ጳውሎስም መንገዱን በአንድ ቁጥር ሰብስቦ ሲያሳየን፣ በክርስቶስ በኩል፣ በአንድ መንፈስ፣ ወደ አብ መግባት እንዳለን ይነግረናል (ኤፌ. 2፥18)። «በኢየሱስ ስም» ስንል የገባንበትን በር መናገራችን ነው፤ አንዳንዶቻችን ግን በማመልከቻ ግርጌ እንደሚመታ ማኅተም አድርገነዋል።

ታዲያ ኢየሱስን መጥራት ስህተት ነው? በፍጹም! እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ነፍሱን የሰጠው ለጌታ ኢየሱስ ነው (ሐዋ. 7፥59)። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ112 ገደማ በታናሿ እስያ ገዢ የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩለት ገልጾአል። ጠላት እንኳ ያየው ነገር ነው። መንፈስ ቅዱስስ? ለሚል፣ በአዲስ ኪዳን በቀጥታ ለእርሱ የቀረበ ጸሎት አናገኝም፤ በውስጣችን ሆኖ «አባ» የሚያሰኘን እርሱ ነው (ሮሜ 8፥15)። አምላክ ነውና ብንጠራው ግን የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።

ነገሩ የትምህርት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። በቤት ለቤት ኅብረታችን አንዲት እህት አለች። ለዓመታት አብረን ስንጸልይ «አባት» ስትል ሰምተናት አናውቅም። ከኢየሱስ ጋር ግን እንባዋ እየወረደ ታወራለች። አንድ ምሽት ከጸሎት በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ ራሷ ነገረችን። በልጅነቷ የአባቷ ኮቴ ከደጅ ሲሰማ አልጋ ሥር ትደበቅ ነበር። «ኢየሱስን እወደዋለሁ፤ አብን ግን እፈራዋለሁ። ኢየሱስ መሐል ገብቶ ባይከለክልልኝ የሚመታኝ ይመስለኛል» አለች።

ሲኒዎቹ እንደ ያዝናቸው ቀሩ። በአማርኛችን የወለደንን አባት «እርስዎ» እያልን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ሰማይና ምድርን የፈጠረውን ግን «አንተ» እንለዋለን፤ ማንም ደፈራችሁ ብሎ አይቆጣንም። ለእርሷ ግን ይህ ቅርበት ራሱ የሚያስፈራ ነበር።

በመካከላችን ያሉ አንዲት እናት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ዮሐንስ 16፥26-27ን አነበቡላት። ጌታ በዚያ ስፍራ፣ አብን ስለ እናንተ እለምናለሁ አልላችሁም፣ እርሱ ራሱ ይወዳችኋል ይላል። «ልጄ፣ ወልድ የመጣው አብ ስለ ላከው ነው እንጂ አብን ሊያስታርቅልሽ ተደብቆ አይደለም» አሏት። እህታችን ምንም አልመለሰችም። ክፍሉን ግን በወረቀት ገልብጣ ወሰደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተራዋ ደርሶ ስትጸልይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላም በትንሽ ድምፅ «የኢየሱስ አባት ሆይ» ብላ ጀመረች። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልጸለየችም፤ እኛም «አሜን» አልን። «አባቴ» የሚለውን ገና አላለችም። እስከ ዛሬ የምትጠራው «የኢየሱስ አባት» እያለች ነው።