ሦስት ክሬዲት

ልጄ አሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ከጀመረች ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የምትመዘገብባቸውን ኮርሶች ዝርዝር በቴሌግራም ላከችልኝ። ከመካከላቸው አንዱ «የሶሲዮሎጂ መግቢያ» ይላል። መነጽሬን አጥልቄ ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት ስትደውል።

«ማኅበራዊ ሳይንስ ነው አባዬ፤ ግዴታ ነው።»

«ኮምፒውተር ልትማሪ አይደል እንዴ የሄድሽው?»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። የዶላሩን ምንዛሪ፣ የእናቷን ዕቁብ፣ የሸጥነውን መኪና አንድ በአንድ ደረደርኩላት። ስኮላርሺፑ የሚሸፍነው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀሪውን የምንከፍለው እኛ ነን። ሦስት ክሬዲት ማለት ደግሞ እዚያ አገር ቀላል ገንዘብ አይደለም። «ሰው እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ሚኒሶታ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕድር ላይ መቀመጥ ይበቃል» ብዬ ስልኩን ለእናቷ ሰጠኋት። ይዛው ጓዳ ገባች። ስትመለስ «አንተ ደግሞ ነገር ስታከር!» አለችኝና ወደ ቡናዋ ዞረች።

ልጅ ወደ ውጭ ለመላክ የምታስቡ ወላጆች ካላችሁ፣ ዘግይቶ የገባኝን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ልጅ ዋና ትምህርቱ ምንም ይሁን ምን ከሙያው ውጭ የሚወስዳቸው ኮርሶች አሉበት። ኢንጂነሩም ነርሷም ከሳይኮሎጂ፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከአንትሮፖሎጂ፣ ከኢኮኖሚክስ ወይም ከፖለቲካል ሳይንስ የተወሰነውን መርጠው ካላሟሉ አይመረቁም። ስንት እንደሚወሰድና የትኞቹ እንደሚቆጠሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ከመመዝገብ በፊት አማካሪውን መጠየቅ ገንዘብ ያድናል። እንግሊዝ ወይም ጀርመን የሄደ ልጅ በአብዛኛው በቀጥታ ወደ ሙያው ነው የሚገባው። እኛም አገር ቢሆን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ ዓመት ላይ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና የመሳሰሉትን ይወስዳሉ። ይህንን የነገረኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እኔ ምኑንም ሳላውቅ ነበር የጮህኩት።

እውነቱን ለመናገር ግን የጮህኩት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ማኅበራዊ ሳይንስ የሚባለውን ነገር ስሰማ ሆዴ መረበሽ የጀመረው ከድሮ ነው።

እኔ ከአገር የወጣሁት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በየጎዳናው የቆሙት ቅስቶች ገና አልተነሡም። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላክሁ፤ የደረሰችኝ ከተማ ካርኮቭ ነበረች፣ ዛሬ በጦርነት ዜና ስሟ የሚጠራው የዩክሬኗ ከተማ። አንድ ዓመት ሩሲያኛ፣ ከዚያ አምስት ዓመት መካኒካል ኢንጂነሪንግ። ከማሽኑ ጎን ለጎን ደግሞ ማኅበራዊ ሳይንስ ነበረብን። የፓርቲው ታሪክ፣ ቀጥሎ ፍልስፍና፣ ማለትም ዲያሌክቲካዊና ታሪካዊ ቁስ አካልነት፣ ቀጥሎ ፖለቲካል ኢኮኖሚ፣ መጨረሻ ላይ ሳይንሳዊ ኮሚኒዝም። እንደ ልጄ ከዝርዝር መምረጥ የሚባል ነገር የለም።

አጠናኑን በዚያ ያለፈ ሰው ያስታውሰዋል። «ኮንስፔክት» የሚሉት አለ። የሌኒንን ጽሑፍ ታነብና አሳጥረህ በእጅህ ደብተር ላይ ትገለብጣለህ፤ መምህሩ ደብተሩን ያያል። ጎበዞቹ በቀይ እርሳስ ያሰምሩበታል። እኔ ከጎበዞቹ ነበርኩ፤ ሳላነብ እንኳ በቀይ አሰምር ነበር። በፈተና ቀን ጠረጴዛ ላይ የተገለበጡ ወረቀቶች ይደረደራሉ፣ «ቢሌት» ይባላሉ። አንዱን ትስብና ጥቂት ደቂቃ ተዘጋጅተህ በቃልህ ትመልሳለህ። መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው። ትልቁ ውጤት 5 ነው። ዛቾትካዬ፣ የውጤት ደብተሬ ማለቴ ነው፣ እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። በማኅበራዊ ሳይንስ ከዳር እስከ ዳር 5 ነኝ። በተርሞዳይናሚክስ 3 ነኝ። የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄ ደወለች። ድምፅዋን ለስለስ አድርጋለች፤ አንድ ነገር ልትጠይቅ ስትል እንደዚያ ናት። ለዚያው ለሶሲዮሎጂ ኮርስ ከቤተሰብ አንድ ትልቅ ሰው አነጋግራችሁ ጻፉ ተብለዋል። ርዕሱ ሰው ከቡድን ጋር ስለ መስማማትና ስላለመስማማት ነው።

«እማዬን ልጠይቃት ነበር። ‹እኔ ከማንም ጋር ተስማምቼ አላውቅም፣ አባትሽን ጠይቂ› አለችኝ» አለች። ከኋላዬ የእናቷ ሳቅ ተሰማኝ።

«መጀመሪያ ይህን ላንብብልህ» አለችና ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ እየተደናቀፈች ታነብልኝ ጀመር። መመለስ የማትፈልገውን ጥያቄ መተው ትችላለህ። በፈለግህ ሰዓት ማቆም ትችላለህ። ስምህ አይጻፍም። ድምፅህን የምቀዳው ከፈቀድክልኝ ብቻ ነው። ትፈቅዳለህ?

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ታቅፌ ያሳደግኋት ልጅ «ትፈቅዳለህ?» ትለኛለች! ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ተጠይቄያለሁ። ቀበሌ ተጠይቄያለሁ፣ ከመሄዴ በፊት ተጠይቄያለሁ፣ ካርኮቭ በየእሁዱ ተጠይቄያለሁ። «ካልፈለግህ አትመልስ» ያለኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ይህ ፈቃድ የመጠየቅ ነገር ከየት እንደመጣ ኋላ ነገረችኝ። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በሚባል ቦታ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሙያዎች ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ይከታተሉ ነበር። አብዛኞቹ ቂጥኝ ያለባቸው ናቸው። ሕመማቸው ምን እንደሆነ በግልጽ አልተነገራቸውም፤ ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ነገሩ በጋዜጣ ሲጋለጥ አገር ተናወጠ፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናትን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ልጄ እየተደናቀፈች ያነበበችልኝ ያ አጭር ጽሑፍ የብዙ ሰው ዋጋ ተከፍሎበታል።

ብቻ «እፈቅዳለሁ» አልኳት። ለእናቷ እንኳ ነግሬ የማላውቀውንም ነገርኳት።

ካርኮቭ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚኖር የወሎ ልጅ ነበር፤ ከሁላችንም የሚበልጥ ተማሪ። ገና ሩሲያኛ እየተማርን ሳለ ከቤቱ ደብዳቤ መጣለት። አክስቱና ታናሽ ወንድሙ ከቆረም መጠለያ ሳይመለሱ ቀርተዋል። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ ከሁለተኛው መስመር ማለፍ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንድም ቀን አላነሣውም።

በሦስተኛ ዓመታችን፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ሴሚናር ላይ መምህሯ በዕቅድ ስለሚመራ ኢኮኖሚ ታስረዳለች። እጁን አወጣ። «አገራችን በዕቅድ የምትመራ ከሆነች ያ ሁሉ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ዕቅዱ የት ነበር?» አለ። ቀስ ብሎ፣ አንድም የሩሲያኛ ሰዋስው ሳይሳሳት። መምህሯ አልተቆጣችም። ዘመኑ የጎርባቾቭ ነው፤ ግላስኖስት የሚለው ቃል ከጋዜጣ አይጠፋም። መነጽሯን አወለቀች፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች፣ ጥቂት ዝም ብላ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈች።

የተቆጣነው እኛ ነን።

እሁድ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የውይይት ክበብ ተሰበሰበ። ሂስና ግለ ሂስ። እሱን ጨምሮ አሥራ አራት ነበርን። «የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ» ተባለ። «የአገርን ገመና ለባዕድ መግለጥ» ተባለ። ግለ ሂስ እንዲያደርግ ሲጠየቅ «ጥያቄ ነው የጠየቅሁት» ብሎ ተቀመጠ። ለሚመለከተው ክፍል ሪፖርት ይደረግ የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። እጆች መውጣት ጀመሩ። የደብዳቤውን ነገር ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ተነሥቼ «ይህ ልጅ ወንድሙ ሞቶበታል» ማለት እችል ነበር፤ አራት ቃል ናት። ዙሪያዬን አየሁ። እጄን አወጣሁ። አሥራ ሦስተኛው እጅ የእኔ ነበር።

በሰኔ ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ እንዲገባ ተደረገ። ሻንጣውን ሲያስር የተርሞዳይናሚክስ ደብተሩን አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። በዚያ ደብተር ነው ፈተናውን በ3 ያለፍኩት፤ ያለሱ እወድቅ ነበር። በዚያው ሰኔ፣ በዚያው 1980 ዓ.ም.፣ የሶቪየት መንግሥት በመላ አገሪቱ የትምህርት ቤቶችን የታሪክ ፈተና ሰረዘ፤ መጽሐፎቹ ውሸት አለባቸው ተብሎ እንደገና ሊጻፉ ነበር። ጋዜጣውን ይዤ ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጬ እንዳነበብኩት ትዝ ይለኛል።

ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ አባዬ። አንድ ነገር ልንገርህ? ኮርሱ ላይ የተማርነው ነው። ካልፈለግህ ይቅር።»

«ንገሪኝ።»

ሰሎሞን አሽ ስለሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነገረችኝ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ተማሪዎችን በቡድን በቡድን እያስቀመጠ መስመሮች ያሳያቸዋል። ከሦስቱ መስመሮች ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው? ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን በቡድኑ ውስጥ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አስቀድመው ተነግሯቸው በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይመልሳሉ። የዚያ የአንዱ ሰው ተራ ሲደርስ ምን ይላል? ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ቡድኑን ተከትለዋል። «አንተ ብቻ አይደለህም» ልትለኝ ፈልጋ ነው። እውነትም ቀለል አለኝ።

እኔው ነኝ ያበላሸሁት። «ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን የተናገረ እንደሆነስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

መልሱን ታውቀው ነበር፤ ልትነግረኝ ግን አልፈለገችም። «እሱንም ሞክሮታል» አለች። «አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲመልስ፣ ቡድኑን ተከትለው የሚሳሳቱት በጣም ይቀንሳሉ።»

አሥራ ሦስታችንን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከእኔ በፊት እጁን ሲያወጣ ዓይኑን መሬት የተከለ አንድ የጎንደር ልጅ ነበር። ምናልባት እሱ እኔን እየጠበቀ ይሆን? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለጽሑፏ የጓደኛዬን ስም መቀየር እንዳለባት ነገረችኝና «ምን ልበለው?» አለች። ብዙ ስም አሰብኩ፣ አንዱም አልሆነልኝም፤ ሌላ ስም መስጠት አቃተኝ። «የክፍል ጓደኛው» ብላ ጻፈችው። ጽሑፉን ልካልኛለች፣ ስምንት ገጽ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ትክክል አልመሰለኝም፤ ከፈራሁት በላይ የፈራሁ አስመስላኛለች። እውነቱ ግን ያን ቀን ብዙም አልፈራሁም፤ እጅ ማውጣት ለምዶብኝ ነበር። ይህንን እንድታስተካክል ነገርኳት፣ አስተካከለች።

ኮምፒውተሩን አልተወችም፤ ለሚቀጥለው መንፈቅ ደግሞ አንትሮፖሎጂ መዝግባለች። ዶላሩ አሁንም ያንገበግበኛል፤ አልዋሽም። እናቷ ዕቁቧን ሌላ ዙር ገብታለች።

ሩሲያ የተማርን ሰዎች የምንገናኘው ለቅሶና ሠርግ ላይ ነው። ባለፈው ወር አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከዚያው ከካርኮቭ የምንተዋወቅ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ወሎው ልጅ ጠየቅሁት። ደሴ አለ። ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ፣ ዲግሪውን በክረምት ትምህርት ጨርሶ፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቁጥሩን በጽሑፍ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። ሦስት ሳምንት ኮት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ደወልኩ። ሴት አነሣች። ቤት እንደሌለ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚገባ ነገረችኝ። «ማን ልበለው?» አለች። ስሜን ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ከዚያ ከሩሲያው ነዎት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ይህን የምጽፈው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።