የጸሎተ ሐሙስ ጥገና

በካርቱም ደይም ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ፣ ሰባት ዓመት ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ2015 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ መሐሉ ቀዘቀዘ። እንጀራው ዳር ዳሩ ዓይኑን አውጥቶ ሲያበቃ መሐሉ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ባለምጣዷ ለፋሲካ ስልሳ እንጀራ ታዝዛለች፤ ቀብዱንም ተቀብላ ለቤት ኪራይ ከፍላዋለች።

ምጣዱ ከጎንደር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በመተማና በገላባት አልፎ፣ ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም በአውቶቡስ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጦ የመጣ ነበር። ወንበሩ ተከፍሎበታል። በመንገድ ላይ የሳቁባት ሰዎች ነበሩ፤ ሸክላን ከጣሪያ ላይ ጭኖ ያን መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አይስቅም። ካርቱም ከገባም በኋላ ኑሮው የተደላደለ አልነበረም። እንዲህ ያለ ምጣድ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ኪሎ ዋት ስለሚወስድ 16 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ተራ ሶኬት ደግሞ ይህን ለሰዓታት አይችልምና መሰኪያው ሁለት ጊዜ ቀልጧል። በካርቱም የመብራት ሒሳብ አስቀድሞ የሚሞላ ስለነበር፣ በጋገራ ቀን አከራዩ ከቆጣሪው ፊት ቆመው ቁጥሩ ሲወርድ እንደ በሽተኛ ትኩሳት ይከታተሉት ነበር። ኢትዮጵያ በመተማ በኩል በተዘረጋው መስመር ለሱዳን ኤሌክትሪክ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ፣ «እንጀራውም መብራቱም ከእናንተ ነው፤ ታዲያ ለምን አላለቀልንም?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ያን ረቡዕ ቀድመው የደረሱላት የጎረቤት ሐጃ ናቸው። የራሳቸውን የኪስራ ብረት ምጣድ አምጥተው በጋዝ ምድጃ ላይ ጣዱላት። ኪስራም እንደ እንጀራ ከቦካ የማሽላ ሊጥ የሚጋገር ነው፤ ነገር ግን እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ በአፍታ የሚነሣ ስለሆነ ፈጣኑ ብረት ይስማማዋል። እንጀራ ግን ወፈር ይላል፤ ዓይኑ እስኪወጣና በእንፋሎቱ እስኪበስል ድረስ ከሥሩ እኩልና ዝግ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ሦስት ሞከረች። ሦስቱም ከሥር አርረው ከላይ ጥሬ ሆኑ። ሐጃም ብረታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አልተቀየሙም።

ሐሙስ ጠዋት ጠጋኙ መጣ። በሰፈሩ ምድጃና ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ ብዙ የማይናገር፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ያገር ልጅ ነው። ምጣዱን ገልብጦ ጀሶውን በመሮ ፈቀፈቀው። ከሸክላው ጀርባ በተቆፈረው ቦይ ሁለት እንደ ቀለበት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ዳሩን፣ ሌላው መሐሉን ያሞቃል። የመሐሉ ተበጥሷል። ከዚህ በፊትም ተበጥሶ ሌላ ባለሙያ ጫፍና ጫፉን አጠማዝዞ አገናኝቶት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ለቅዳሜ ብቻ ያድርሱልኝ፤ እንደ በፊቱ ያያይዙልኝ» አለችው።

«እህቴ፣ ለቅዳሜ ብዬ ባያይዘው እሑድ ትጠሪኛለሽ» አላት።

እውነቱን ነበር። የተበጠሰ ሽቦ ሲቋጠር ያጥራል፤ ሲያጥር የበለጠ ኃይል ይስባል፤ ቋጠሮውም ከሌላው አካሉ ይልቅ ይግላል፣ ስለዚህም ከዚያው አጠገብ ይቃጠላል። ብዙ ቤት «ምጣዱ አረጀ» ተብሎ የሚጣለው ሸክላ ምንም ሳይሆን እንዲህ ባለ ቋጠሮ ሰበብ ነው። ጠጋኙ አዲስ ሽቦ ለክቶ ዘረጋ፣ አዲስ ጀሶ አለበሰ፣ አንድ ቀን ሙሉ እንዳይነካ አዘዘ። በማግሥቱ ስቅለት ስለነበር ማንም አይነካውም። ጉልባን ቀመሰ፤ ከገንዘቡም ግማሹን ተቀበለ። ግማሹን ከፋሲካ በኋላ ልትሰጠው ተስማሙ። የተረፈውን ሽቦ ጠቅልሎ፣ «ይህን አስቀምጪው፤ ሌላው ጎን ተራውን ይጠብቃል» ብሏት ሄደ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ምጣዱን ለኮሰች፤ አሰሰች። የመጀመሪያው እንጀራ ከዳር እስከ መሐል ዓይኑን አወጣ። እልል ማለት አማራት፤ ሐጃ በጾም ተኝተዋል ብላ ተወችው። አርባ ያህል ጋግራ በነበረበት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ተኩሱ ተጀመረ። በመጀመሪያ የጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ መስሏት ነበር። ከዚያ ግቢው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጠ። እርሷ ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና የቀረውን ሊጥ ጋግራ ጨረሰች። እብደት ነው ያሏት አሉ፤ ግን የቦካ ሊጥ ጦርነት ተነሣ ብሎ አይጠብቅም፣ የሰው ገንዘብም በልታለች።

እንጀራውን ሊወስድ የመጣ ሰው አልነበረም። ወሩ ረመዳን ስለነበር ማታ የሐጃ ቤተሰብ በእርሱ አፈጠረ፤ በማግሥቱም ፋሲካን የፈታችው ከእነርሱ ጋር ነው። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የተጠገነው ምጣድ የሠራው ለአንዲት ጠዋት ብቻ ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በወድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጋ በመተማ አገሯ ገባች። የአውቶቡሱ ዋጋ ለሰው እንኳ የማይቀመስ ሆኖ ስለነበር በዚህ ጊዜ ለምጣድ ወንበር የሚከፍል አልነበረም። ይዛ የወጣችው የተጠቀለለውን ሽቦ ነው። የጠጋኙ ስልክ ከዚያ ወዲህ አይጠራም፤ ቀሪው ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተከፈለም፣ ይህንንም አንሥታ ሳትናገር የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጋቢት የሱዳን ጦር መሐል ካርቱምን መልሶ ያዘ። በዚያው ክረምት ወደ ቤታቸው የተመለሱት ሐጃ ደወሉላት። በሮቹ ተነቅለዋል፤ ለመዳቡ ሲባል የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳው ውስጥ ሳይቀር ተጎትቶ ወጥቷል፤ የምጣዱም ኬብል ተቆርጧል፣ ቆርቆሮውም የለም። ሸክላው ግን እርሷ ባስቀመጠችው ጥግ ተገልብጦ፣ ሳይሰነጠቅ ቆይቷቸዋል። መብራት ስለሌለ በከሰል ላይ ጥደው ኪስራ ቢጋግሩበት ትፈቅድላቸው እንደሆነ ጠየቋት።

«ጀሶውንና ሽቦውን አስቀድመው ያውጡት» አለቻቸው። «እሳቱን ደግሞ ቀስ እያሉ ያብዙት፤ ብዙ ጊዜ ሳይሞቅ ቆይቷል።»