አያቴ የጠየቁኝ ጥያቄ

ውኃ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ በራሱ ሽቅብ አይወጣም። ሽቅብ የሚያወጣው ካለ ግን ጉልበቱን መክፈል አለበት። በሕዋስም ዘንድ እንዲሁ ነው ብለው የባዮሎጂ መምህራችን ባስተማሩን ጊዜ በደብተሬ ጻፍሁ፤ ለፈተና አጠናሁ፤ ከፈተናውም በኋላ ረሳሁት። እንዳስታውሰው ያደረገችኝ ታናሽ እኅቴ ናት።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሁለት ዓመቷን እኅቴን ተቅማጥ ያዛት። በማግሥቱ ዓይኗ ጎደጎደ፤ ከንፈሯም ደረቀ፤ ስታለቅስ እንባ እንኳ አልወጣትም። እናቴ አዝላት ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷም ኦ አር ኤስ የተባለውን የስኳርና የጨው ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው፣ ጥቂት በጥቂት እንድናጠጣት አዘዙን። ቤት ስንመለስ አያቴ «ልጅቱ ያነሳት ውኃ ነው፤ ስኳርና ጨው ምን ያደርግላታል?» ብለው ጠየቁኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ የተዘጋጀሁት እኔ መልስ አጥቼ አፈርሁ።

ማታ ደብተሬንና መጽሐፌን ገለጥሁ። የአንጀት ሕዋስ በሽፋኑ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት በር አለው። እነርሱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል፤ ተቅማጡ ብዙ ነገር ቢያውክም ይህ በር አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አይተውም። ዳሩ ግን ሶዲየሙ በውስጥ ቢጠራቀም መግባቱ ባቆመ ነበር። ስለዚህ በሕዋሱ ሌላ ወገን፣ በደም በኩል፣ አንድ ትጉህ ሠራተኛ አለ። ይኸውም ኤ ቲ ፒ የተባለውን የኃይል ስንቅ እያወጣ፣ በአንድ ዙር ሦስት የሶዲየም አዮኖች ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሁለት የፖታሲየም አዮኖችም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሁሉንም ጥቂት ካለበት ብዙ ወዳለበት ስለሚገፋ ሥራው ሽቅብ ነው። ይህን ሠራተኛ ዴንማርካዊው ዬንስ ስኩ የሸርጣን ነርቭ ሲመረምሩ አግኝተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 አሳወቁ፤ በ1997ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በማግሥቱ እኅቴ አለቀሰች፤ እንባዋም ወረደ። በቤታችን በልቅሶ የተደሰትንበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ለአያቴም «እማማ፣ ስኳሩና ጨው ውኃውን እየመሩ የሚያስገቡት ናቸው» አልኋቸው። እሳቸውም «ታዲያ ይህን ተምረህ ሳለ ትናንት ለምን ዝም አልህ?» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ዕውቀትም ከደብተር ወጥቶ ቤታችን የሚገባው በራሱ አይደለም፤ እኛ ጉልበት ስንከፍልበት ነው።